ብርሃኑን ከኋላ አድርገህ እየው

መርካቶ ውስጥ ብርሃንን የማያጠና ነጋዴ የለም። ሸማ ተራ ገብታችሁ ጥለቱ ዓይናችሁን የሳበውን ነጠላ ብታነሡ፣ ሻጩ ገና ዋጋ ሳይጠራ «ወደ ደጅ አውጥተው ይዩት» ይላችኋል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በአንዲት አምፖል ጭላንጭል ጥቁር የመሰለው ጥለት፣ ደጅ ሲወጣ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይገኛል። ሻጩ እንዲህ የሚለው ሐቀኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ አንድ ጨርቅ በየብርሃኑ ሌላ ጨርቅ እንደሚሆን ከአባቱ ወይም ከአሠሪው ተምሯል። ማን እንዳስተማረው ብትጠይቁት ግን ለመመለስ ይቸገራል። «ሥራው ነው ያስተማረኝ» ይላል።

እኔም በዚሁ ሰፈር በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ ገንዘብ ቆጥሬ የማድር ሰው ነኝ። በተቀጠርሁበት ሰሞን አጠገባቸው ያስቀመጡኝ፣ ጡረታቸው የተቃረበ አንድ አንጋፋ ገንዘብ ከፋይ ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የመቶ ብር ኖት ይዤ ፊትና ጀርባውን እያገላበጥሁ ስጨነቅ አይተው፣ ኖቱን ከእጄ ወሰዱና ወደ መስኮቱ ቀና አደረጉት። «ልጄ፣ ብርን ፊት ለፊት አትመልከተው። ብርሃኑን ከኋላ አድርገህ እየው» አሉኝ። በወረቀቱ ውስጥ ተደብቆ የኖረው ምስልና በመካከሉ የተዘረጋው ክር ብቅ አሉ። በ2013 ዓ.ም. መስከረም የብር ኖቶች ሲለወጡና ባለ ሁለት መቶው ሲጨመር፣ እርሳቸው ጡረታ ወጥተው ነበር። እኔ ግን አዲሱን ኖት መጀመሪያ ያየሁት እርሳቸው ባስተማሩኝ መንገድ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ሌላ ሰው ነው። ከቅርንጫፋችን ጀርባ፣ ከአንድ የጨርቅ መደብር በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጦ የሚያመሽ ወጣት አለ። ቀን የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል፤ ሌሊት በኮምፒዩተር የሚሠራ ሥዕልን ብርሃን ማልበስ ይማራል። ሙያው ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላልና ጥቂት ላብራራ። በኮምፒዩተር በሚሠራ ፊልም ውስጥ አንዱ ባለሙያ አካሉን ይቀርጻል፣ ሌላው ያንቀሳቅሰዋል፣ ሌላው ቆዳውንና ልብሱን ይቀባል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም ያ ዓለም ድቅድቅ ጨለማ ነው። ፀሐዩን ከየት በኩል እንደሚያወጣ፣ ሻማው የማንን ጉንጭ እንደሚነካ፣ ጥላው የት እንደሚወድቅ የሚወስን ሰው ይመጣል። የወጣቱ ምኞት ያ ሰው መሆን ነው።

አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ሥራው ሲቋረጥበት ደጅ ላይ ተገናኘን። ግጥም እንደምሞክር ያውቃልና እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ እናንተ ገጣሚዎች አባቶች አሏችሁ። ስማቸውን እየጠራችሁ ትጽፋላችሁ። የእኔ ሙያ ግን በዚህ አገር አባት አለው?» የረባ መልስ አልሰጠሁትም። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልሴ ነው።

ታሪኩን ከሩቅ አገር እንጀምር። በእነ ዴቪድ ኤቫንስና አይቫን ሳዘርላንድ መሪነት፣ አሜሪካ ውስጥ በዩታ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ የኮምፒዩተር ሥዕል ጥናት ተጧጡፎ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ቡይ ቱዎንግ ፎንግ የተባለ የቬትናም ተወላጅ ነበር። ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ፈረንሳዊው ሄንሪ ጉሮ እ.ኤ.አ. በ1971 በጠፍጣፋ ገጾች የተገጣጠመ አካል ለስላሳ መስሎ እንዲታይ የሚያደርግ ስሌት አቅርቧል። ፎንግ ከዚያ ተነሥቶ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፦ ብርሃን በአንድ ነገር ላይ ሲያርፍ ዓይናችን የሚያየው ምን ምን ነው?

መልሱ ሦስት ነበር። የመጀመሪያው ከየትም ከየትም ተንጸባርቆ የሚመጣው፣ በጥላ ውስጥ ያለውን ነገር እንኳ ጨርሶ እንዳይጠፋ የሚያደርገው የአካባቢ ብርሃን ነው። ሁለተኛው ገጹ ወደ ብርሃኑ በዞረ መጠን የሚደምቅ፣ ፊቱን ባዞረ መጠን የሚደበዝዝ ብርሃን ነው። ሦስተኛው በሚያብረቀርቅ ነገር ላይ የምናያት፣ ተመልካቹ ሲንቀሳቀስ አብራው የምትንቀሳቀስ ነጭ ነጥብ ናት። ጀበና ላይ፣ በተወለወለ ጫማ ላይ፣ በሰው ዓይን ብሌን ላይ ትታያለች። ፎንግ ሦስቱን ደምሮ በአንድ ቀመር አሰረ። በ1973 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ጥናቱን ጨረሰ፤ ሥራው በ1975 እ.ኤ.አ. በመጽሔት ታተመ፤ በዚያው ዓመት በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው ሞተ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የብርሃን ሙያ የሚማር ጀማሪ ሁሉ ስሙን ይጠራል። በሠላሳ ዓመት ዕድሜ የሚጽፉት ነገር ስንት መምህር ሊሆን እንደሚችል ሳስብ፣ የእኔን ባለ አሥራ ሁለት ገጽ የግጥም ደብተር አይቼ አፍራለሁ።

በዚያው በ1975 እ.ኤ.አ. በዚያው ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ኒውዌል የተባለ ተመራማሪ የሚፈትንበት ቅርጽ አጥቶ ሲቸገር፣ ባለቤቱ በጠረጴዛቸው ላይ ያለውን የሻይ ማንቆርቆሪያ እንዲስል መከረችው ይባላል። ያ ማንቆርቆሪያ የሙያው ሁሉ መፈተኛ ሆነ። ሆድ አለው፣ እጀታ አለው፣ ጡት አለው፤ ስለዚህ ጥላውን በራሱ ላይ ይጥላል። እኛ ዘንድ ቢሆን ኖሮ ጀበና ይሆን ነበር ብዬ ለወጣቱ ነገርሁት። በሳምንቱ ጀበና ቀርጾ፣ አንገቷ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አሳርፎ አሳየኝ።

ነገር ግን ቀመር ብቻውን ብርሃን አይሠራም። የዩታ ተማሪ የነበረው ኤድ ካትሙል ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት ፒክሳር እ.ኤ.አ. በ1986 የሁለት የጠረጴዛ መብራቶችን ታሪክ በአጭር ፊልም ሠራ። ተዋንያኑ ራሳቸው መብራት ናቸው፤ አንገታቸውን ባዞሩ ቁጥር ጥላው አብሮ ይዞራል። ተመልካቹ የተነካው በስሌቱ ሳይሆን እናት ወይም አባት መስሎ በታየው ትልቁ መብራትና በሚቦርቀው ትንሹ ነው። ከዚህ በኋላ የሙያው መምህራን ፍለጋ ወደ ኋላ፣ ወደ ሠዓሊዎቹ ተመለሰ። በዚያው ድርጅት የብዙ ፊልሞችን ብርሃን የመራችው ሻረን ካላሃን ራሷ ሸራ ዘርግታ ደጅ የምትሥል ሠዓሊ ናት። የአሜሪካ የሲኒማቶግራፈሮች ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. አባል አድርጎ ሲቀበላት፣ ሙሉ ሕይወቷን በኮምፒዩተር ፊልም ላይ ሠርታ ለዚህ የበቃች የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች። ካራቫጆና ሬምብራንት ዛሬም የዚህ ሙያ መምህራን ተብለው ይጠቀሳሉ። ሞተው ሦስት መቶ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች፣ ኤሌክትሪክ ሳያዩ፣ ለኮምፒዩተር ባለሙያ መምህር ሆኑ።

እንግዲህ የወጣቱ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። እነርሱ ሬምብራንት ካላቸው እኛስ ማን አለን?

የብራና ሥዕሎቻችንን ያየ ሰው በቅድሚያ የሚያስተውለው ጥላ አለመኖሩን ነው። ቅዱሱ በምድር ላይ ቆሞ ጥላው አይወድቅም። ብርሃኑ ከአንድ መስኮት አይመጣም፤ ሁሉንም እኩል ያጥለቀልቃል። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ወደ እኛ ይመለከታል፤ ክፉ ሰው ፊቱን አዙሮ በአንድ ዓይኑ ይታያል። ይህ አለማወቅ አይደለም። ብርሃን በዚያ ሥዕል ውስጥ የሰዓት ምልክት ሳይሆን የማንነት ምልክት ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በሁለተኛው የጎንደር አሣሣል፣ ሠዓሊዎቻችን ፊትን በጥላ ማደለብ፣ ጉንጭንና አንገትን ማጥቆር ጀመሩ። ስሟ ራሱ የብርሃን ተራራ በሆነችው በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች ዓይናቸውን ገልጠው ዛሬም ወደ ታች ያያሉ። የእነዚህ መምህራን ስም አብዛኛው አልተጻፈም። ደቀ መዝሙሩ ቀለም እየበጠበጠ፣ ብራና እየፋቀ፣ ከመምህሩ እጅ ሥር ሆኖ ተማረ፤ ስሙን ሳይጽፍ አለፈ።

ከዚያ ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1947 አንድ የአንኮበር ተወላጅ ወጣት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ ተላከ። መምህራኑ ግን የእጁን ተሰጥኦ አይተው ወደ ሥዕል እንዲያዘነብል አበረታቱት። አፈወርቅ ተክሌ በለንደን የሥዕል ትምህርት ቤቶች ተምረው እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ አገራቸው ተመለሱ። ደግሞም በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትን የኢትዮጵያ ብራናዎች አጠኑ። አስቡት፤ አንድ ኢትዮጵያዊ የአባቶቹን ብርሃን ለመማር ለንደን፣ ፓሪስና ቫቲካን መሄድ ነበረበት። የዚህ ሁሉ ፍሬ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ ይታያል። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍኑት ሦስቱ የመስታወት ሥዕሎች የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና መጪ ዘመኗን ይተርካሉ።

ስለ እነዚህ መስታወቶች አንድ ነገር ልናገር። ከደጅ ሆኖ የሚያያቸው ሰው ጥቁር መስታወትና እርሳስ ብቻ ያያል። ሥዕሉ የሚታየው ከውስጥ ቆሞ ብርሃኑን ከኋላቸው አድርጎ ለሚያያቸው ነው። ደመና ሲያልፍ ይደበዝዛሉ፤ ፀሐይ ስትመለስ ይነድዳሉ። ሠዓሊው ቀለሙንና ቅርጹን ሰጠ እንጂ ብርሃኑን ለሰማይ ተወው። መጀመሪያ በዚያ አዳራሽ ቆሜ ይህን ሳይ የታወሱኝ ሠዓሊው አልነበሩም፤ ብሩን ወደ መስኮት ቀና ያደረጉት ሽማግሌ እንጂ።

አፈወርቅ ብቻቸውን የቆሙ ዋርካ ነበሩ ቢባል፣ አለ ፈለገ ሰላም ደግሞ ችግኝ ጣቢያውን የተከሉ ሰው ናቸው። በቺካጎ አርት ኢንስቲትዩት ተምረው ተመልሰው፣ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን መሠረቱ፤ ለብዙ ዓመታትም መሩት። የሰውን ሥራ ለመጻፍ ሲነሡ ሥዕሎቹን ይቆጥራሉ። የአለን ሥራ የሚቆጥር ግን ተማሪዎቹን መቁጠር አለበት፤ እርሱ ደግሞ ተቆጥሮ አያልቅም።

ወደዚያ ትምህርት ቤት ሁለት ሰዎች ሊያስተምሩ መጡ። አንደኛው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። ሐረር ተወለደ። የመጀመሪያው መምህሩ አባቱ አለቃ ደስታ ናቸው፤ መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ልጁ እርሻ መማር ጀምሮ ተወው፤ ከ1957 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር በኮሎኝ ሥዕል ተማረ። ሲመለስ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ራሳቸውን ችለው የሚናገሩባቸውን ሥዕሎች አመጣ። «ጎልጎታ» በተሰኘው ሥራው ውስጥ ብርሃኑ ከሰማይ አይወርድም፤ ከቀዩ ከራሱ ይወጣል። ለእኛ ለግጥም ወዳጆች ደግሞ ገጣሚ ነው፤ ግጥሞቹም ቀለም አላቸው። ሁለተኛው እስክንድር ቦጎሲያን ነው። በለንደንና በፓሪስ ከአሥር ዓመት በላይ ኖሮ፣ የፖል ክሌንና የዊፍሬዶ ላምን ሥራ አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ተመለሰ። በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምም ሥራውን ገዝቷል። የእስክንድር ሸራ ሌሊት ነው፤ ብርሃኑ ከጨለማው ውስጥ እንደ እሳት ፍንጣሪ ይበተናል። ለተማሪዎቹም ብራናውንና ጠልሰሙን እንደ ቅርስ ብቻ ሳይሆን እንደ ቋንቋ እንዲያዩት አሳያቸው።

እነሆ የጥያቄው መልስ እዚህ ይጀምራል። በዚያ ዘመን በዚያ ትምህርት ቤት ከተማሩት ወጣቶች አንዱ አቻምየለህ ደበላ ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ናይጄሪያ አቅንተው በዛሪያ አህመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም በአሜሪካ በሜሪላንድ ተማሩ። በመጨረሻም በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በኮምፒዩተር ሥዕልና በሥነ ጥበብ ትምህርት አገኙ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ተራ ቦታ አይደለም። ሠዓሊው ቻርልስ ሱሪ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ኮምፒዩተርን እንደ ብሩሽ የያዘበት፣ በ1971 የኮምፒዩተር ሥዕል ምርምር ቡድን ያቋቋመበት፣ ከዚያ የወጡ ተማሪዎችም ወደ ፊልም ድርጅቶች የተበተኑበት ስፍራ ነው። አቻምየለህ በኖርዝ ካሮላይና ሴንትራል ዩኒቨርሲቲ ለበርካታ ዓመታት የኮምፒዩተር ሥዕልን አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 በዋሽንግተን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሠዓልያን ሥራዎች ሲታዩ፣ የእርሳቸው የኮምፒዩተር ሥዕሎች ከእስክንድር ሸራዎች ጋር ነበሩ።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ሙያህ በዚህ አገር አባት አለው። መስመሩን ቁጠረው፦ ከሐረሩ አለቃ ደስታ ብራና ወደ ገብረ ክርስቶስ ቀለም፤ ከገብረ ክርስቶስና ከእስክንድር ዘመን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወደ ኦሃዮ ኮምፒዩተር። አንተ ሌሊት ሌሊት የምትማረው ስሌት ከዩታ ቢመጣም፣ ብርሃኑን ምን አድርገው እንደሚጠቀሙበት ያሰቡ ሰዎች ከአንተ ከተማ ወጥተዋል።

ይህን ስጽፍ ደስታዬ ሙሉ አይደለም። መስመሩን ስንከተለው ሁልጊዜ ወደ ውጭ ይወጣልና። እስክንድር ትምህርት ቤቱን ያገለገለው ለጥቂት ዓመታት ነው፤ ከዚያ ወደ አሜሪካ ሄዶ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እስከ 2001 እ.ኤ.አ. አስተማረ፣ በ1995 ዓ.ም. በዋሽንግተን አረፈ። ገብረ ክርስቶስ በአብዮቱ ዘመን አገሩን ጥሎ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በኦክላሆማ ሞተ። ወሰኔ ኮስሮፍ በአዲስ አበባ ተምሮ የማስተርስ ዲግሪውን የሠራው ከእስክንድር ጋር በሃዋርድ ነው። መምህሩ ተሰደደ፤ ተማሪው ተከተለው። እዚህ የቀረው ደግሞ መምህሩን በስም ብቻ አወቀ፤ ቀጥሎ የመጣው ስሙንም አላወቀም። ወጣቱ ወዳጄ በስልኩ መስኮት የሚያስተምሩትን የካሊፎርኒያና የሕንድ ሰዎች ስም በቃሉ ያውቃል፤ የአቻምየለህን ስም ግን ከእኔ ሰማ። እርሱን ልወቅሰው አልችልም። እኛ፣ እናውቃለን የምንለው፣ አልነገርነውም።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ታድሶ የቆየው አፍሪካ አዳራሽ እንደገና ተመረቀ። በዚያው ሰሞን በእኛ ሰፈር ሸማ ተራ በእሳት ነደደ። ያን ምሽት የመርካቶ ሰማይ ቀይ ነበር። የሥዕል ወዳጅ ስለሆንሁ ቀለሙን አየሁት፤ ባየሁትም አፈርሁ። በዚያ ብርሃን ሥር የሰው የዕድሜ ጥሪት እየጠፋ ነበርና። ወጣቱ ግን በማግስቱ እንዲህ አለኝ፦ «ብርሃን ሁልጊዜ መልካም ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን ምን እያበራ እንደሆነ ሳልጠይቅ አልሠራም።» ይህን ከየትኛውም ቪዲዮ አልተማረውም።

አንጋፋው ገንዘብ ከፋይ አረፉ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሰዎች ታማኝነታቸውን፣ ዕድራቸውን፣ ልጆቻቸውን ሲያነሡ ሰማሁ። መምህር ነበሩ ያለ አልነበረም፤ እኔም ዝም አልሁ። በሕይወት ሳሉም አላመሰገንኋቸውም፤ ምክንያቱም ያኔ ያስተማሩኝ ብር ማየት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን አንድ የአዳራሽ መስታወት፣ አንድ ቀይ ሸራ፣ አንድ በኮምፒዩተር የተቀረጸች ጀበና ባየሁ ቁጥር የማየው እርሳቸው ባስተማሩኝ ዓይን ነው።

መምህራን ራሳቸው እንደ ዋናው ብርሃን ከኋላችን ናቸውና ፊት ለፊት አናያቸውም። የምናየው ያበሩልንን ነገር ነው። ዞር ብሎ ስማቸውን መጥራት ግን የእኛ ፈንታ ነው። ወጣቱን በሚቀጥለው ቅዳሜ አፍሪካ አዳራሽ ልወስደው ተቀጣጥረናል። በመግቢያው ላይ ምንም አልነግረውም፤ ከውስጥ ቆመን ፀሐይ እስክትወጣ እንጠብቃለን።